መለዋወጫ የሌለው ድምፅ

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ የገዛ እህቱን ድምፅ ሰርቋል ብዬ ከአንድ ወር በላይ አምኜ ኖሬያለሁ። ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ ነበረኝ።

አባቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለነበር ወደ ቤት ለመግባት ጀርባቸው በተከፈተ ቴሌቪዥኖች መካከል በጎን ሾልኮ ማለፍ ያስፈልግ ነበር። የቤት ሥራዬን የምሠራው ከሥራ ጠረጴዛው አንድ ጥግ ላይ፣ የብየዳው ጭስ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩት አንድ ሕግ ነበር፦ አንዱ እንዲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አባቴ ከአንዱ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ሌላው ላይ ይተክላል። የተተከለለት ያወራል። የተነቀለበትን ደግሞ አባቴ “ይሄ ወንድሙን ያዳነ ነው” እያለ በጨርቅ ይወለውለውና ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ መደርደሪያ የወረደ ሬዲዮ አይቼ አላውቅም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የክፍላችንም አስተማሪ ነበረች። ቤት ውስጥ “አክስትዬ” ነው የምላት፤ ትምህርት ቤት ግን “ቲቸር”። አክስትነቷን ከግቢው በር ውጭ ትቼ እንድገባ አስጠንቅቃኛለች። አንድ ቀን ተሳስቼ ክፍል ውስጥ “አክስትዬ፣ ሽንት ቤት ልሂድ?” ብያት ሳምንቱን ሙሉ የማላውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ “አክስትዬ” እያሉ ሲጠሩኝ ከርመዋል። ከዚያ በፊት ስሜ ጆሮ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ወደ ጆሮ ተመለሰ። ጆሮ ያለችኝ እሷው ናት። አንደኛ ጆሮዬ ትልቅ ነው። ሁለተኛ ላልተጠራሁበት ወሬ ሁልጊዜ ቀድሜ የምደርስ ነበርኩ። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ” ትል ነበር፣ “ያንተ ግን ለመንደሩ ሁሉ ዘመድ ነው።”

ድምጿን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ክፍላችን ቆርቆሮ ክዳን ነው። ዝናብ ሲወርድ ሌሎች አስተማሪዎች ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። አክስቴ ግን አትጠብቅም። ድምጿን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፤ ጮኸች አይባልም፣ ብቻ ድምጿ ከዝናቡ በላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሃምሳ ስምንት ልጆች ነበርን፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ እንኳ አንድ ቃል አያመልጠውም። ከመንገዱ ማዶ የነበረው አናጢ አክስቴ የቃል ጽሕፈት ስታጽፈን አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ መዶሻውን በአየር ላይ ይዞ ይቆይ ነበር ይባላል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ከመስኮት ነው እያለ ራሱ ያወራል።

የመማሪያ ታብሌቶች ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት በዚያ ዓመት አጋማሽ ነው። ሠላሳ ነበሩ፤ አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቆ ስለነበር ሃያ ዘጠኝ ቀሩ፤ ለሁለት ልጅ አንድ። ቀን ከእኛ ጋር ይውላሉ፤ ስንወጣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ኤሌክትሪክ ሲጠጡ ያድራሉ፤ ቁልፉ ከርዕሰ መምህሩ አንገት አይወርድም። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለእያንዳንዱ ልባስ ሰፋችላቸው። የእኛ አሥራ አራተኛው ነበር፤ የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ቀይ አበባ ያለው። “የእኛ” የምለው ከጠበቃ ጋር ስለነበርኩ ነው። ጠበቃ የምንላት አጠገቤ የምትቀመጥ እሳት የላሰች ልጅ ናት፤ እርሳስ ሲጠፋ እንኳ ምስክር ካልጠራች አታምንም። የመንካቱ ተራ የማን እንደሆነ በየቀኑ ትከራከራለች፤ በየቀኑም ትረታኛለች።

ታብሌቱ ውስጥ የነበረው አስተማሪ ግን የሆነ ሰውዬ ነው። ከኋላው የሚያባርሩት ይመስል ይነበንባል። ስንሳሳት “ስህተት” ይላል፤ በቃ፣ ስህተት። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አለቀሰ። በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ሃያ ዘጠኙንም ወደ ቁም ሣጥናቸው መለሰቻቸው።

አክስቴ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ቤት መምጣት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ስትመጣ አባቴ ሱቁን ይዘጋል። ይሄ ራሱ ጉድ ነው፤ አባቴ ለሠርግም ሱቅ አይዘጋም። ሁለቱ ወደ ኋለኛው ክፍል ይገባሉ። ክፍሉን አባቴ ሌላ ነገር አድርጎት ነበር፤ ፍራሾቹን ግድግዳ ላይ አቁሟቸዋል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ቸንክሯል፣ የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አውጥቷል። እናቴ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንዳትረግጥ ትታዘዛለች። እኔ ደግሞ ውጭ ሄደህ ተጫወት እባላለሁ።

ሄጄ እጫወታለሁ፤ ከበሩ ሥር።

በበሩ ስንጥቅ በኩል የሚታየኝ የአባቴ ክርንና ከአክስቴ አፍ ፊት የተደቀነች፣ ስፖንጅ የለበሰች ማይክሮፎን ናት። አክስቴ ትናገራለች፤ ከማይክሮፎኗ ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦው የአባቴ ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል። አባቴ “ድገሚው” ይላል። ትደግመዋለች። “አንዴ ደግሞ።” ሳል ይይዛታል፤ ውሃ ትጠጣለች፤ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን አባቴ ለዛሬ ይብቃሽ አላት። እሷ ግን እምቢ አለች፤ ድምፁ እያለ እንጨርሰው ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

ስትወጣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ትጠመጥማለች። እናቴ ለብ ያለ ውሃ በማር ይዛ በር ላይ ትጠብቃታለች። “እትዬ፣ ራስዎን እየጎዱ እኮ ነው” ትላታለች በሹክሹክታ። አክስቴ ራሴን ዳበስ አድርጋ “እህ፣ ጆሮ” ትለኛለች። ያ “እህ፣ ጆሮ” በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ሰኞ ወፍራም ነበር። ረቡዕ እንደ ወረቀት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋልኝ አለፈች።

በዚያው ቀን፣ እሷ ከወጣች አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ በኋለኛው ክፍል በር አለፍኩ። አባቴ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል። ከላፕቶፑ የአክስቴ ድምፅ ይወጣል፤ ሙሉው፣ ከዝናቡ በላይ የሚቀመጠው ድምፅ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ “አሁን ገባ” ሲል ሰማሁት።

የጠጋኝ ልጅ ነኝ። መንቀል ምን እንደሆነ፣ መትከል ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። አክስቴ የድምፅ ጅማቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ዝናብና ቆርቆሮ ያወጣው እባጭ። ሐኪሙ መወገድ አለበት አለ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አንዲት ቃል እንዳትናገር፣ በሹክሹክታም ቢሆን። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚመለስላት ግን ቃል አልገባላትም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ሆኖም ዝም ላለች አስተማሪ ሃምሳ ስምንት ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ ተስማሙ። ትምህርቱን ሁሉ በራሷ ድምፅ ቀድታ ታብሌቱ ውስጥ በሰውዬው ቦታ ታስገባለች፤ ከሕክምናው ስትመለስ በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ያያሉ። ልጆቹ ከተማሩ ክፍሉ የእሷ ሆኖ ይቀጥላል። ካልተማሩ ክፍሉ ለሌላ ይሰጥና እሷ ወደ መጽሐፍ መጋዘን ትዛወራለች። መጋዘን ገብቶ ወደ ሰሌዳ የተመለሰ አስተማሪ እስከዚያ ቀን አልታየም። ይህን ከአባቴ፣ ከእናቴና ከርዕሰ መምህሩ በቀር ማንም እንዳያውቅ አስምላቸዋለች፤ አስተማሪዋ ድምፅ የላትም ከተባለ በማግስቱ የወላጅ ሰልፍ በር ላይ ይቆማል ብላ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። እራት ላይ አባቴን ፊት ለፊት ለመያዝ ወሰንኩ።

“አባዬ፣ የሰው ነገር ወስዶ አለመመለስ ምን ይባላል?”

“ስርቆት” አለ አባቴ፣ አፉ ሞልቶ።

“የእህት ቢሆንስ?”

አባቴ ማኘኩን አቆመ። ወደ እናቴ ዞረ፤ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮው ቀላ። “እሷ ናት የነገረችህ? ሬዲዮዋን ከሆነ መለዋወጫው ጠፍቶ እኮ ነው! እመልስላታለሁ አልኩ፣ እመልስላታለሁ።”

አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሬዲዮ እንዲጠግንላት ሰጥታው እንደነበር ያኔ አላውቅም። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። እኔ ግን እንደ ኑዛዜ ቆጠርኩት። አባቴ እያሳዘነኝ ነው፤ ሌባ ነው፤ ደግሞም አባቴ ነው።

አክስቴ ሁለት ሳምንት ቀረች። “ጉዳይ ገጥሟት ነው” ተባልን። ከዚያ አንድ ሰኞ ሻርፗን ጠምጥማ ገባች፤ ሁላችንም ብድግ ብለን “ደህና አደሩ ቲቸር” አልን፤ እሷ ግን አልመለሰችም። ፈገግ አለች፣ ሰሌዳው ላይ “ታብሌቶቻችሁን ክፈቱ” ብላ ጻፈች።

ከፈትን። “እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ” አለ ሃያ ዘጠኙ ታብሌት።

ክፍሉ በደስታ ተነቃነቀ። እሷ ናት። የእሷ ድምፅ ነው። “ጣታችሁን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፉ” አለች ከታብሌቱ ውስጥ፤ አሳረፍን። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ጉርምርምታ ሲጀመር ድምፁ “ከኋላ ያላችሁ፣ ወሬውን ለእረፍት አቆዩት” አለ። ኋላ ያሉት ደርቀው ቀሩ። አንዱ ታብሌቱን ገልብጦ ዓይኑ የት እንዳለ ፈለገ። አክስቴ ስንት ደቂቃ ላይ እንደምንሰለች ከሃያ ሁለት ዓመት ልምድ ታውቅ ስለነበር ቁጣውን በቦታው በቦታው አስቀምጣው ኖሯል።

ስንሳሳት ደግሞ “ስህተት” የሚል የለም። “አይዟችሁ፣ እንደገና ሞክሩ” ይላል። አይዟችሁ ያለችው ለአንድ ታብሌት ሁለት ልጅ እንደምንቀመጥ አስባ ነው፤ “አይዞህ” ብትል ጠበቃ ክስ ትመሠርት ነበር።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። አክስቴ ከሰሌዳው አጠገብ አፏን ገጥማ ቆማለች። ልጅ ሲረብሽ አንዴ ታጨበጭባለች፤ ገጽ ሲዞር ሁለቴ። ድምጿ ሃያ ዘጠኝ ቦታ ይናገራል፤ እሷ ባዶ ቆማለች። ላይኛው መደርደሪያ ታየኝ።

ሦስት ሳምንት በሆዴ ይዤው ቆየሁ። በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ርዕሰ መምህሩ ክፍላችን መጣና ዓርብ እንግዶች እንደሚመጡ፣ በታብሌቱ አሥር ጥያቄ እንደምንሠራ፣ ጎበዝ ከሆንን ትምህርቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በታብሌት እንደሚቀጥል በደስታ ነገረን። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለው ጆሮዬ ላይ ቀረ። በእረፍት ጠበቃን ከውሃ ቧንቧው ጀርባ ወስጄ የማውቀውን ሁሉ ዘከዘክሁላት።

እጇን አጣጥፋ ሰማችኝ። ማስረጃ ጠየቀችኝ። ፍራሹን፣ ሽቦውን፣ የቀጠነውን “እህ፣ ጆሮ”፣ አባቴ “አሁን ገባ” ያለውን አንድ በአንድ አቀረብኩ። ባዶዎቹን ሬዲዮዎች መጥታ እንድታይ ጋበዝኳት።

“አባትህ ነው ያደረገው?” አለች ቀስ ብላ።

“አባቴ ነው።”

በአባቱ ላይ የሚመሰክር ሰው አይዋሽም አለችና ፈረደች። ከዚያ መላውን የመታችው እሷ ናት። ዓርብ ሁላችንም ከተሳሳትን፣ ታብሌቱ አያስተምርም ይባላል። አያስተምርም ከተባለ ይነሳል። ሲነሳ ባለቤትየዋ ዕቃዋን ታገኛለች። አንድ ነገር ብቻ ከበዳት። ከክፍሉ አንደኛ እሷ ናት፤ ታብሌቱ ላይ የሰበሰበቻቸው ኮከቦች መቶ ሊሞሉ ሁለት ቀርቷቸዋል።

“ኮከቦቼስ?” አለች።

ትንሽ አሰበች። “ይሁን” አለች፣ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ። ሐሙስ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሃምሳ ስምንታችንም ምለናል።

ዓርብ ሁለት እንግዶች መጡ፤ አንድ ፋይል የታቀፈ ሰውዬና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ። ርዕሰ መምህሩ ከረባት አስሯል። አክስቴ ምንም እንደማትፈራ ሆና ቆማለች፤ ግን የሻርፗን ጫፍ ስትፈትልና ስትፈታ አየኋት። ፈተናው ድምፁን ከጠፋበት የሚያወጣላት መስሎኝ በዓይኔ አይዞሽ አልኳት።

ጀመርን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንኳን እኛ፣ አናጢው ከመስኮት የሚመልሰው ነበር። ጠበቃ ጣቷ ወደ ትክክለኛው ሄደ፤ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን ነካች።

“አይዟችሁ፣ እንደገና ሞክሩ” አለ ታብሌታችን።

ከፊታችን ያለውም አለ። ከኋላም። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ተከትሎ፣ ከክፍሉ አራት ማዕዘን የአክስቴ ድምፅ አይዟችሁ፣ አይዟችሁ፣ አይዟችሁ ይል ጀመር። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ተሳሳትን። ሁለቴ ስንሳሳት ወደሚቀጥለው ያልፋል። አሥሩንም እንዲህ ሄድን። ሰውዬው ፋይሉ ላይ ይጽፋል። የርዕሰ መምህሩ ከረባት አንገቱን ያነቀው ይመስላል። ድምፁ ግን አይቆጣም፣ አይደክምም፤ ስንሳሳት በዚያው ልስላሴ ያጽናናናል።

አክስቴ በመጀመሪያ አልገባትም። በወንበሮቹ መካከል እየተጣደፈች አንድ በአንድ አየች። አሥራ አራተኛው ጋ ደረሰች። የጠበቃን ዜሮ አየች። የጠበቃን ፊት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ሰሌዳው ሩቅ አልነበረም፤ መጻፍ ትችል ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ልጅን በዓይኑ እያየች የተናገረች ሰው ጀርባዋን ሰጥታ አትጽፍም።

“ጆሮ” አለች። የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። “ምን ሆናችሁብኝ?”

ብድግ አልኩ። “ተመለሰ” አልኩ። “ድምጿ ተመለሰ!”

ክፍሉ ፈረሰ። ጠረጴዛ ተደበደበ፤ ከኋላ ያ የሚተኛው ልጅ ወንበር ላይ ወጣ። እንግዶቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ጠበቃ ተነስታ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ለመነጽረኛዋ ሴትዮ ሁሉንም አስረዳች። የቲቸር ድምፅ ተነቅሎ እዚህ ውስጥ እንደተተከለ፣ እዚህ ካልሠራ ወደ እሳቸው እንደሚመለስ፣ ይኸውም አሁን በሁላችን ፊት መመለስ እንደጀመረ። ተጠርጣሪውን ግን አልጠቀሰችም፤ ከእኔ ጋር ተስማምተን ነው።

አክስቴ ጠመኔ በነካ እጆቿ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያስለቀስናት መስሎኝ ቁጭ አልኩ። እየሳቀች ነበር። ሐኪሙ ሳቅንም ከልክሏት ስለነበር ያለ ድምፅ፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጻፈች፦

“ጉሮሮዬን ታምሜ ነው። ድምፄን ማንም አልወሰደብኝም። እኔ ነኝ ለእናንተ ያስቀመጥኩት።”

ምስጢሯን በገዛ እጇ በትልልቁ ጻፈችው። ሃምሳ ስምንት ልጅ አነበበው፤ በማግስቱ ሃምሳ ስምንት ቤት ይሰማል። እሷም ታውቃለች።

ሰውዬው ፋይሉን ዘጋ። ውጤቱ ውጤት ነው፣ ዜሮ ነው፣ አዝናለሁ ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነግረው ሰማሁ፤ ጆሮ ነኝና። መነጽረኛዋ ግን ታብሌታችንን አንስታ መልሶቹን እያገላበጠች ቆየች። የፊተኛውንም አየች፤ የኋላውንም።

“ሦስት ምርጫ ነው ያለው” አለች። “ዓይኑን ጨፍኖ የነካ ልጅ እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ሦስት አራቱን ያገኛል። እነዚህ ግን አንድም አላገኙም፤ ሃያ ዘጠኙም።” መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። “መልሱን ሁሉ ያላወቀ ሰው ይሄን ያህል አይሳሳትም።”

ከዚያ እንደገና አሠራችን። ጠበቃ ተራው የእኔ መሆኑን ረስታ አሥሩንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

የወላጅ ሰልፍ በር ላይ አልቆመም ማለት አልችልም፤ ሰኞ ሰባት ስምንት ሰው መጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ማር ይዘው ነበር የመጡት። አክስቴ ክፍሏ ውስጥ ቀረች።

ቤት ውስጥ አባቴ ታሪኩን ሲሰማ መበየጃውን አስቀመጠ። “እንግዲያው ከአንድ ወር በላይ ሌባ ሆኜ ከርሜያለኋ” አለኝ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ የአክስቴን ሬዲዮ አወረደ። ከየትኛው ሆድ ነቅሎ እንደሆነ አላውቅም፤ በማግስቱ ሬዲዮው እያወራ ቤቷ ደረሰ። ከዚያ መደርደሪያ የወረደ ሬዲዮ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ድምጿ ተመለሰ፤ ያው ግን አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ሸካራ፣ ደረቅ እንጨት እንደሚቆርጥ መጋዝ ሆነ። ዝናብ ሲወርድ እሷም እንደ ሌሎቹ ጠመኔዋን አስቀምጣ ትጠብቅ ጀመር። አናጢው ከማዶ መስማት ቀረበት። ካደግኩ በኋላ ያቺ የዓርቡ ንግግር ጎድታት እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። ሐኪሙ “አይ፣ በዚያች ንግግር አይደለም” ብሏል አለችኝ። ይህን ያለው ሐኪሙ ይሁን እሷ ግን እስካሁን አላረጋገጥኩም።

ባለፈው ዓመት አባቴ ሱቁን ሲዘጋ ዕቃውን በማሸግ ሳግዘው አንድ አሮጌ ዲስክ አገኘን፤ የዚያን ጊዜ ቅጂ ነው፣ የተበላሸውም የተጣለውም ሳይቀር። አክስቴም ጡረታዋን ወጥታ ስለነበር እዚያው ተቀምጣ የምናሽግበትን መንገድ ትነቅፋለች። ከፈትኩት።

“አይዟችሁ፣ እንደገና ሞክሩ” ይላል የድሮው ድምፅ። አባቴ፣ ወጣቱ አባቴ፣ እንደ ዳኛ ነው የምትዪው ይላታል። ትደግመዋለች። አሁንም አልሆነም፤ ከሰውዬው “ስህተት” በምን ይሻላል ይላታል። ትስላለች። ደክሟታል፤ ይሰማል። ከዚያ በር ሲጢጥ ይላል።

“በሩ ሥር ጆሮ ተቀምጧል” ትላለች በሹክሹክታ። “አትየው፤ እንዳወቅን እንዳያውቅ። ቆይ፣ ለእሱ ልበለው።”

“አይዟችሁ፣ እንደገና ሞክሩ።”

ሃያ ዘጠኙ ታብሌት ውስጥ የገባው ይህኛው ነው። እሱን ሲያበቃ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ፤ አባቴ ሊቆርጠው ረስቶ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ከዝምታው ውስጥ፣ ከበሩ ወዲያ፣ የልጅ ትንፋሽ ይሰማል፤ ገባ፣ ወጣ፣ ትንሽ ያፏጫል።

አክስቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሰማችው። “አፍንጫህን እንኳ አልተናፈጥክም ነበር” አለች በመጋዝ ድምጿ፣ “አንዴ ድገመው እስቲ።”